አውቆ የተኛ ላፕቶፕ

ዛሬ ስለ ላፕቶፕ ነው የምጽፈው። «ቲቸር ደግሞ ጀመረው» እንደምትሉ አውቃለሁ። ግን ነገሩ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሆዴ ውስጥ ሲብላላ ቆይቷል። ረዘም ይላል፤ ቡናው እስኪፈላ አንብቡት።

አብራኝ የምታስተምር አንዲት እህት አለች። ስሟን አልጠራም፣ ይሄን እንድጽፍ ግን ራሷ ፈቅዳልኛለች። በክረምት መርሃ ግብር ሁለተኛ ዲግሪዋን እየተማረች ነው። ለመመረቂያ ጽሑፏ ከፋርጣ ገጠር እስከ ላይ ጋይንት እየዞረች መምህራንን አነጋግራለች። የነገሯትን በደብተር ትጽፋለች፣ ማታ ማታ መብራት ሲኖር ወደ ላፕቶፕ ትገለብጣለች። ዓመቱ እንዲህ አለፈ። ደብተሮቹስ ካላችሁኝ፣ ተገልብጦ ያለቀ ደብተር ልጆች ባሉበት ቤት ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ።

ባለፈው አማካሪዋን ለማግኘት ባሕር ዳር ወርዳ ነበር። ስትመለስ እንደ ሁላችንም ክዳኑን ዘጋችና ላፕቶፑን ቦርሳ ውስጥ ከተተችው። ሚኒባስ ውስጥ ቦርሳውን ታቅፋ ተቀምጣለች። ወረታ ሲደርሱ ጭኗን ሞቃት። «ዳቦ ከምድጃ አውጥቼ የታቀፍኩ ነው የመሰለኝ» ነው ያለችኝ። የወረታ ሙቀት ነው ብላ ተወችው። ዓለም በርን አልፈው ሽቅብ ሲወጡ የኛ ብርድ መጣ፣ ሰው ሁሉ መስኮት ዘጋ፤ ቦርሳው ግን አልበረደም። እንዲያውም ደስ አላት። ማን ይጠላል?

ቤት ገብታ ስትከፍተው ማራገቢያው ይጮኻል፣ የቻርጁ መብራት በርቷል፣ ስክሪኑ ግን ድፍን ጥቁር። ቁልፉን ሁሉ ነካካችው፤ የለም። የማብሪያውን ቁልፍ ተጭና ያዘችውና አጠፋችው፣ መልሳ ስታበራው የአምራቹ ምልክት ላይ ቆሞ ቀረ። ሌሊቱን አልተኛችም። ጠዋት አንድ ጥገና ቤት ወሰደችው። ልጁ ሁለት ደቂቃ እንኳን አላየውም፤ «ዊንዶውሱ ሄዷል፣ ፎርማት ነው የሚፈልገው» አላት። «የምትፈልጊው ፋይል አለሽ?» ብሎ ጠየቃት፣ ይሄን አልክድም። «አዎ፣ ዶክመንት ውስጥ አለኝ» አለችው። እሱ ደግሞ በሥራ ግርግር «ዲ ውስጥ» ያለች መሰለው። ሲ ተፎረመተ፣ ዲ ቀረ። ዲ ውስጥ የነበረው የልጇ የልደት ቪዲዮና ሁለት የአማርኛ ፊልም ነው።

እዚች ላይ ቆም በሉልኝ። «ዶክመንት» እና «ዴስክቶፕ» ያሉት ሲ ላይ ነው። ዴስክቶፕ ላይ ያስቀመጣችሁት ነገር ዓይናችሁ ሥር ስለሆነ ብቻ የዳነ እንዳይመስላችሁ። ሲ ሲፎረመት አብሮ ነው የሚሄደው። ይሄን ስንት ዓመት አስተምሬ ስንት ሰው እንደያዘልኝ እግዜር ይወቅ።

ፋይሉን እናወጣዋለን ብለን ሁለት ማታ ታገልን። ድሮ፣ በሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ጊዜ፣ የተፎረመተ ነገር ብዙ ጊዜ ይገኝ ነበር፤ ምክንያቱም ፎርማት የሚያጠፋው ማውጫውን እንጂ ገጾቹን አልነበረም። አሁን ያለው ኤስኤስዲ ግን ሌላ ጠባይ አለው። ዊንዶውስ «ይሄ ቦታ አይፈለግም» ብሎ ይነግረዋል፣ ዲስኩ ደግሞ ቦታውን በራሱ ጊዜ እውነት አድርጎ ያጸዳዋል። ትሪም ይሉታል። ያገኘነው ጥቂት ፎቶ ነው።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ሐዘን ነው፣ አልጽፈውም ነበር። ያስጻፈኝ ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። በአምስተኛው ቀን ላፕቶፑ ከትምህርት ቤት እስከ ቤቷ ቦርሳ ውስጥ ሆኖ፣ ደግሞ ጋለ። ደግሞ ጥቁር። አዲስ ዊንዶውስ! ምንም ያልተጫነበት! ይሄኔ ነው እየጮኸ እንዳለ ይዛው እኔ ቤት የመጣችው።

«ምነው መጀመሪያውኑ ብታመጪልኝ?» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «ጋሼ፣ አምና የጎረቤቴን ላፕቶፕ ‹ፎርማት ይደረግ› ያሉት እርስዎ አይደሉም?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። እኔ ነኝ። ፎርማት ይደረግ ስል ስንት ዓመቴ። አይሲቲ አስተማሪ ሆኜ ቀላሉ መልስ እሱ ስለሆነ። ስለዚህ ይሄ ጽሑፍ ጥገና ቤቱን መውቀሻ አይደለም፤ ልጁን አልወቅሰውም፣ ወደ እሱም እመለሳለሁ።

ያን ማታ ያደረግነው የመጀመሪያ ነገር ምንም አልነበረም። አላጠፋነውም። ማራገቢያው እየጮኸ ነው፣ ስለዚህ ማሽኑ አልሞተም፤ የጠፋው ስክሪኑ ነው። አራት ቁልፍ አንድ ላይ ተጫንኩ፦ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን፣ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ቢ። ይሄ የስክሪን ድራይቨሩን ብቻ አጥፍቶ የሚያስነሳ ነው፤ የከፈታችሁት ጽሑፍ አይነካም። አንድ ጊዜ «ጢጥ» አለ። ስክሪኑ ብልጭ አለና የይለፍ ቃል መጻፊያው መጣ።

ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። ወንበር ስባ ቁጭ አለች። ቆይታ ቆይታ «ያን ጊዜም ይሄን ቢሆን ኖሮ…» አለች። አላውቅም አልኳት። አራት ቁልፍ ሁልጊዜ አይሠራም፣ መጀመሪያውኑ ይሠራ እንደነበር መማል አልችልም። ግን ማንም አልሞከረውም። የሚያናድደኝ እሱ ነው።

እሺ፣ ወደ ነገሩ እንግባ። ላፕቶፕ «ተኛ» ስንል ሁለት የተለያየ ነገር ነው የምንለው፤ አብዛኛው ሰው ይሄን አያውቅም፣ እኔም ዘግይቼ ነው ያወቅኩት። አንደኛው የድሮው እንቅልፍ ነው። ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ኤሲፒአይ በሚባል ደንብ ውስጥ «ኤስ ሦስት» ይባላል። ክዳኑን ስትዘጉ ፕሮሰሰሩ ይቆማል፣ ዲስኩ ይቆማል፣ ማራገቢያው ይቆማል። ቀጭን ኤሌክትሪክ የሚሄደው ወደ ራም ብቻ ነው፤ ከፍታችሁ የተዋችሁትን ሁሉ ይዞ የሚጠብቃችሁ ራም ነውና። ይሄ እውነተኛ እንቅልፍ ነው። ቦርሳ ውስጥ ብትከቱት አይሞቅም።

ሁለተኛው ከዊንዶውስ 8 ጋር፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ነው የመጣው። ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ስሙ «ሞደርን ስታንድባይ» ሆኗል። ሐሳቡ ከስልክ የተወሰደ ነው። ስልካችሁ ስክሪኑ ሲጠፋ ይተኛል እንዴ? አይተኛም፤ ቴሌግራም ሲመጣ ያንጫርራል። ላፕቶፑም እንደዚያ ይሁን ተባለ። ስክሪኑ ይጠፋል እንጂ ፕሮሰሰሩ አልተዘጋም፤ እያሸለበ ይጠብቃል፣ መሃል መሃል እየተነሣ ኢሜይል ያያል፣ አፕዴት ያወርዳል። ክዳኑን ስትከፍቱ ወዲያው እፍ ይላል። ማማሩስ ያምራል። ግን አንድ ፕሮግራም ወይም አንድ ድራይቨር ወይም የዋይፋይ ካርዱ «አልተኛም» ካለ፣ ክዳኑ ተዘግቶ ውስጡ ነቅቶ ያድራል። ከ2020 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ ወዲህ የተሠሩት ብዙዎቹ ላፕቶፖች ደግሞ የድሮውን እንቅልፍ ጭራሽ አውጥተው ጥለውታል። ልመልሰው ብትሉም የለም።

አባቶቻችን «አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም» ይላሉ። ሞደርን ስታንድባይ ማለት እሱ ነው በቃ።

የናንተ የትኛው እንደሆነ ማሽኑን ራሱን ጠይቁት፤ ይናገራል። ሰርች ላይ «ሲ ኤም ዲ» ብላችሁ ጥቁሯን መስኮት ክፈቱ። ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ እንደ አድሚኒስትሬተር ብትከፍቷት ይሻላል። ከዚያ በእንግሊዝኛ ፊደል «ፓወር» የሚለውን ቃል ጻፉና ሳታርቁ «ሲ»፣ «ኤፍ»፣ «ጂ» የሚሉትን ሦስት ፊደላት ቀጥሉበት። አንድ ክፍት ቦታ ተዉ፣ ስላሽ አድርጉ፣ «ኤ» ጨምሩና ኢንተር። (በአማርኛ ኪቦርድ ስለምጽፍ ታገሡኝ፤ ተማሪዎቼ የነበራችሁ ይገባችኋል።) መልሱ ላይ አሉ ከተባሉት የእንቅልፍ ዓይነቶች መካከል «ኤስ ዜሮ ሎው ፓወር አይድል» የሚል ካለ ያንተ ላፕቶፕ አውቆ ነው የሚተኛው። «ኤስ ሦስት» ካለ የድሮው ሰው ነው።

የእህታችን ኤስ ዜሮ ነው። ቀጥለን በዚያው ትእዛዝ ላይ ከስላሽ በኋላ «ስሊፕ ስተዲ» ብለን ጻፍንበት። ይሄ እንግዲህ የምርመራ ካርድ ማለት ነው። ያለፉትን ቀናት እንቅልፍ አንድ በአንድ ያወጣል፦ ስንት ሰዓት ተኛ፣ ምን ያህል ባትሪ በላ፣ ማን ቀሰቀሰው። የዚያን ቀኑን ስናይ ክዳኑ ተዘግቶ ከነበረበት ጊዜ አብዛኛውን ነቅቶ ነበር፣ ከላይ የተጻፈውም ስም የዋይፋይ ካርዱ ነው። ከትምህርት ቤቱ ዋይፋይ ጋር የጀመረውን አፕዴት ቦርሳ ውስጥ ሆኖ ሊጨርስ ይታገል ነበር ማለት ነው። ማሽኑ ወንጀሉን ራሱ ጽፎ አስቀምጦታል። የፊተኛው ካርድ ግን የለም፤ ከጽሑፏ ጋር አብሮ ተፎርምቷል። ፎርማት ያደረገው ነገር ቢኖር ማስረጃውን ማጥፋት ነው።

ስለ አፕዴት ካነሣሁ አይቀር፣ በኛ አካባቢ ይሄ የራሱ ጣጣ አለው። ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ክልሉ ውስጥ ያለው ላፕቶፕ ብዙው ባለበት ቆመ። ድራይቨር የለም፣ ባዮስ የለም፣ ምንም። ረጅም ጊዜ። ከዚያ ኢንተርኔት የነካው ቀን የወራት ውዝፍ በአንዴ ሊጎትት ይነሣል፤ ሌሊት ይሁን ቦርሳ ውስጥ ይሁን ግድ የለውም። «ላፕቶፔ ሌሊት በራሱ ይበራል፣ መንፈስ ነው ወይ» ብላችሁ በውስጥ መስመር የጻፋችሁልኝ አላችሁ። መንፈስ አይደለም። በዚያው ትእዛዝ ላይ «ላስት ዌክ» ብላችሁ ጠይቁት፤ የመጨረሻውን ቀስቃሽ ብዙ ጊዜ ይነግራችኋል። አንዳንዴ ማውስ ነው። ጠረጴዛው ሲነቃነቅ ማውሱ ይቀሰቅሰዋል። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ገብታችሁ ማውሱ ወይም የኔትወርክ ካርዱ ኮምፒውተሩን እንዳይቀሰቅስ ምልክቷን ታነሣላችሁ፣ አለቀ።

አንድ የሚያስቅ ልንገራችሁ። መምህራን ማረፊያ ክፍል አንዱ ባልደረባችን «እየሠራሁ ድንገት ስክሪኑ ይጠፋል፣ ቤት ስወስደው ሰላም ነው» እያለ ወር ሙሉ አማረረ። ፎርማት ሊያስደርግ ነበር፣ መቼም። አንድ ቀን አጠገቡ ቆሜ አየሁት፤ ላፕቶፑን ሌላ የተዘጋ ላፕቶፕ ላይ ጭኖ ነው የሚጽፈው። ክዳን መዘጋቱን የሚያውቀው ክፍል ማግኔት ነው የሚያነበው፤ ከሥሩ ያለው ላፕቶፕ ክዳን ላይ ደግሞ ማግኔት አለ። ከሥር አወጣንለት፣ ዳነ። ባለማግኔት የስልክ ሽፋንም እንደዚያው ያደርጋል። ምን ያህል ፎርማት በማግኔት ሰበብ ተደርጎ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

አሁን ወደ ክርክሬ። የእንቅልፍ ነገር የተሠራው ሶኬት ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ላለበት፣ ላፕቶፑ ሁልጊዜ አዲስ ለሆነበት ሰው ነው። የኛ ሕይወት እንደዚያ አይደለም። ደብረ ታቦር ውስጥ ከማውቃቸው ላፕቶፖች ብዙው ያገለገለ ሆኖ ነው የተገዛው፣ ባትሪውም ሲገዛ ጀምሮ የደከመ ነው። ብዙ ሰው ቻርጀር ሰክቶ እንደ ዴስክቶፕ ነው የሚጠቀመው። አሁን አስቡት። ራም የያዘውን ነገር የሚይዘው በየ64 ሚሊሰከንዱ እየታደሰ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ከተቋረጠ የያዘውን ሁሉ ይረሳል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ ፈተና እያወጣችሁ ነው፣ ልጅ አለቀሰ፣ ክዳኑን ዘግታችሁ ተነሣችሁ። መብራት ሄደ። መብራት መጣ። ስትከፍቱት «አልነቃም» ትላላችሁ። የሚነቃ የለማ! የተኛው ሞቷል። ዎርድ በየ10 ደቂቃው የሚያስቀምጣት ቅጂ ካልደረሰችላችሁ ጽሑፉም አብሮ ሄዷል። ከዚያ ጥገና ቤት፤ ከዚያ ፎርማት። ጥፋቱ የዊንዶውሱ ሳይሆን የባትሪው ነበር። እዚያው ትእዛዝ ላይ «ባተሪ ሪፖርት» ብትሉት ባትሪው ሲሠራ ስንት ይይዝ እንደነበረ፣ አሁን ስንት እንደሚይዝ በቁጥር ያወጣላችኋል። ግማሽ እንኳን የማይሞላ ከሆነ እንቅልፍ አትመኑ።

ደግሞ የከተማችን ነገር አለ። ወደ 2,700 ሜትር ላይ ነን፣ ጉና ሥር። ሰው «ብርድ አገር ስለሆነ ላፕቶፕ አይሞቅም» ይላል። አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ልክ። ግን ሳሳ ያለ ነው፤ ማራገቢያው በእያንዳንዱ ዙር የሚያወጣው ሙቀት ከባሕር ጠለል ያንሳል። ቦርሳ ውስጥ ሲሆን ደግሞ ብርዱም አይደርስበት።

ስለዚህ የኔ አቋም ይሄ ነው፦ እኛ አገር ላፕቶፕ አይተኛ። ሃይበርኔት ይደረግ። ሃይበርኔት ማለት ራም ውስጥ ያለው ሁሉ ዲስክ ላይ ተጽፎ ማሽኑ ጨርሶ ይጠፋል። መብራት ቢሄድ ባይሄድ፣ ባትሪው ቢሞት፣ ቻርጀሩን ብትነቅሉ፣ ከዚህ እስከ አዲስ አበባ ቦርሳ ውስጥ ቢሆን፣ ስትከፍቱት ያቆማችሁበት ላይ ነው። አይሞቅም። የሚገርመው ይሄ ለኛ የሚበጀው ብዙ ማሽን ላይ ተደብቆ ነው የሚመጣው፤ ማጥፊያው ዝርዝር ውስጥ ስሊፕ፣ ሹት ዳውን፣ ሪስታርት አለ፣ ሃይበርኔት የለም።

ለማውጣት፦ በአድሚኒስትሬተር በተከፈተችው ጥቁር መስኮት ያንኑ ትእዛዝ ጽፋችሁ ከስላሽ በኋላ «ሃይበርኔት»፣ ክፍት ቦታ፣ «ኦን» በሉ። ከዚያ ኮንትሮል ፓነል፣ ፓወር ኦፕሽንስ፤ በግራ በኩል ክዳኑ ሲዘጋ ምን ይሁን የሚል መስመር አለ። ሁለቱንም፣ በባትሪም በቻርጀርም ያለውን፣ ሃይበርኔት አድርጉና ሴቭ። የእህታችንን እንዲህ አደረግን። የስክሪን ድራይቨሩን ከአምራቹ ገጽ አወረድን፣ ባዮሱንም አደስን። ባዮስ ስታድሱ ግን ባትሪው ጤነኛና ሙሉ ይሁን፣ ቻርጀሩም ይሰካ፤ መሃል ላይ ኃይል ከተቋረጠ ላፕቶፑ ከዚያ በኋላ ላይነሣ ይችላል። ቢትሎከር የበራባችሁ ደግሞ የመክፈቻ ቁጥሩን ሳትይዙ ባዮስ አትንኩ፤ ሲነሣ ይጠይቃችኋል፣ ከሌላችሁ የራሳችሁ ዲስክ ይቆለፍባችኋል።

ተቃውሞውን አውቀዋለሁ። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ፣ አሁን አዲስ አበባ ትልቅ ቦታ የሚሠራ፣ «ቲቸር፣ ሃይበርኔት ኤስኤስዲ ይጨርሳል» አለኝ። እሺ እናስላው። በቀን ሁለት ጊዜ ብትዘጋው፣ በእያንዳንዱ 4 ጊጋባይት ቢጽፍ፣ በቀን 8 ነው። በዓመት 3 ቴራባይት አይሞላም። የተለመዱት ዲስኮች የሚችሉት በብዙ አስሮች፣ አልፎም በመቶዎች ቴራባይት የሚቆጠር ነው። ዲስኩ ሳያልቅ አንተ ጡረታ ትወጣለህ። «ለመነሣት ይዘገያል» የሚለው እውነት ነው። ኤስኤስዲ ላይ ብዙም አይደለም፣ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ግን ትጠብቃላችሁ። ጠብቁ። ታክሲ እስኪሞላ ስንት ትጠብቁ የለ?

አንድ ሌላ የማይታወቅ ነገር። «አጥፍቼ አበራሁት፣ አልተስተካከለም» ትላላችሁ። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ሹት ዳውን ስትሉ ማሽኑ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ቶሎ ለመነሣት ብሎ የውስጡን ክፍል ዲስክ ላይ አስቀምጦ ነው የሚያድረው። ድራይቨሩ ታሞ ከሆነ ከነበሽታው ይተኛል፣ ከነበሽታው ይነሣል። ከሥሩ የሚጀምረው ሪስታርት ስትሉት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ መጀመሪያ ሪስታርት።

ወደ ጥገና ቤቱ ልጅ ልመለስ ብዬ ነበር። እሱን የመሳሰሉት ብዙዎቹ እኔ ያስተማርኳቸው ናቸው። ምን አስተማርኳቸው? የኮምፒውተር አንደኛ ትውልድ፣ ሁለተኛ ትውልድ፤ አባከስ፤ ቻርልስ ባቤጅ። ቫክዩም ቲዩብ በሕይወቱ አይቶ የማያውቅ ልጅ ስለ ቫክዩም ቲዩብ ፈተና አልፏል። ላፕቶፕ ለምን እንደሚግል ግን አንድ ቀን አልነገርኩትም። ከዚያ ሱቅ ተከራየ፣ ኪራይ አለበት። ደንበኛው ሲመጣ የሚከፍለው ለምንድን ነው? ለፎርማት። ፎርማት ዋጋ አለው፣ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። «ሃያ ደቂቃ ጠየቅኩት፣ የዋይፋይ ካርዱ ነው፣ አንዲት ምልክት አነሣሁልህ» ቢል ማን ይከፍለዋል? «ይሄን ለመንካት ነው?» ብለን ሻይ እንኳን ሳንጋብዘው ነው የምንሄደው። እኔው ራሴ እንዲህ አድርጌያለሁ። እንዲህ ባለ ገበያ ሁሉም በሽታ ፎርማት ቢሆን ምን ይገርማል። ሆስፒታል ሄደን ለላቦራቶሪ እንከፍላለን አይደል? ማንም «ደሜን አይተህ ምንም የለብህም ስላልከኝ አልከፍልም» አይልም። ለምርመራ ብንከፍል ልጆቹ ይመረምራሉ፤ ችሎታውማ አላቸው። አንዳንዶቹ ቦርድ ላይ የሚሠሩትን ብየዳ አይቼ እጄን አፌ ላይ ጭኛለሁ።

የጥገና ቤት ልጆች፣ ይሄን የምታነቡ ካላችሁ፣ እባካችሁ ግድግዳችሁ ላይ «ምርመራ» ብላችሁ ዋጋ ለጥፉ። እኔ የመጀመሪያው ከፋይ ልሁን። ደግሞም «ዲ ላይ ነው ወይ» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «ዴስክቶፑንና ዶክመንቱን አብረን እንየው» በሉ። ስክሪኑ ባይበራ እንኳን ዲስኩ ተነቅሎ በሌላ ማሽን ይነበባል፣ ይሄን ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። አሥር ደቂቃ ነው።

እህታችን አሁን ጽሑፏን እንደ አዲስ ጀምራለች። ከጋይንት ካነጋገረቻቸው መምህራን ሁለቱ ተዛውረዋል፣ አንደኛው ስልኩ አይነሣም። የቀሩት «ያኔ ያልኩሽን አላስታውሰውም፣ አሁን የማስበውን ልንገርሽ» እያሏት ነው። አማካሪዋ አንድ ሴሚስተር ጨምረውላታል። ላፕቶፑ እስካሁን ሰላም ነው፤ ማታ ክዳኑን ስትዘጋው እጇን ጀርባው ላይ አሳርፋ እስኪበርድ ትጠብቃለች። ልማድ ሆኖባታል።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ። ላፕቶፑ እንቢ ያለው፣ የጋለበት፣ ሌሊት የሚነሣበት፣ ፎርማት ከማስደረጉ በፊት ያምጣው። አትክፈሉኝ። ባዶ ፍላሽ ግን ይዛችሁ ኑ፤ መጀመሪያ ፋይላችሁን እንገለብጣለን።